በጥምጥም ላይ የተለካ ሄልሜት

ቄስ እንግዳው ሁለት ኩራት ነበራቸው። አንደኛው ጥምጥማቸው ነው። ወረታ ውስጥ ቄስ ሞልቷል፤ ጥምጥምም እንደዚሁ። ግን እንደ ቄስ እንግዳው አሳምሮ የሚጠመጥም አንድ ሰው አምጡ ቢባል ከተማው አፉን ይዞ ይቀራል። ነጩን ሻሽ ማለዳ ራሳቸው ያጥፉታል፣ ራሳቸው ይጠመጥሙታል፤ እጥፉ በእጥፉ ላይ እየተደረበ ሲወጣ አንዲት መሥመር አትዛነፍም። ባለቤታቸው እንኳ እጇን አታስገባበትም። ቅስና ከተቀበሉ ጀምሮ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከቤተሰባቸው በቀር ባዶ ራሳቸውን ያየ ሰው የለም። ሥርዓት አስገድዷቸው እንዳይመስላችሁ፤ ሌሎቹ ቄሶች ሲሞቃቸው አውልቀው ራሳቸውን ያናፍሳሉ። ይህ የእሳቸው የግል ኩራት ነው።

ሁለተኛው ኩራታቸው ከዚህም ይበልጥ ነበር። በእሳቸው ምክንያት ቅዳሴ ታጉሎ አያውቅም።

ይህን ለመረዳት ደንገል ማርያምን ማወቅ ያስፈልጋል። ከወረታ ወደ ጣና በሚወስደው ሜዳ ላይ፣ የሩዝ ማሳ ዙሪያዋን የከበባት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ናት። ቅዳሴ አምስት ልዑካን ይፈልጋል፤ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን። አራት ከሆኑ ቅዳሴው አይገባም፣ አለቀ። ደንገል ማርያም ዲያቆን አላጣችም፤ ያጣችው ቄስ ነው። ያሏት ሰማንያ ዓመት የተጠጉት ቄስ ወልደ ሥላሴ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ቄስ እንግዳው ስድስት ዓመት ሙሉ ከወረታ እየተመላለሱ ሁለተኛውን ቄስ ሆነው ኖረዋል። መጀመሪያ በበቅሎ ነበር። በቅሎዋ ስትሞት ብስክሌት ገዙ። ባጃጅ እንደሆነ ከአስፋልቱ ወርዶ ያን የማሳ መንገድ አይደፍረውም። በእግር ሦስት ሰዓት የሚፈጀውን መንገድ እሳቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ጥምጥማቸውን አቅንተው፣ በብስክሌት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሱታል። ያልለመደ እንግዳ አይቷቸው ቢስቅ የሚቆጣው የአገሬው ሰው ነው።

ታዲያ ባለፈው ኅዳር፣ የነቢያት ጾም እንደገባ፣ አንድ ሰኞ ቀን ከደንገል ማርያም ሲመለሱ ከከብት መንጋ ውስጥ አንዲት ጥጃ አፈትልካ መንገዱ መሀል ገባች። ጥጃዋን ለማዳን መሪውን ጠመዘዙት። ጥጃዋ ዳነች። እሳቸው ግን ከድልድዩ ድንጋይ ጋር ተላተሙና ከግራ ጆሯቸው ከፍ ብሎ ያለው ቦታ ተተረተረ። ከወደቁበት ሲነሡ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ምን ይመስላችኋል? ደሙን ማቆም አይደለም። ግራ ቀኝ አይተው ሰው አለመኖሩን አረጋገጡና የተፈታውን ጥምጥም መልሰው ጠመጠሙ። ኩራት እራቱ ማለት ይህ ነው።

የሰፋቻቸው የገዛ ልጃቸው ፀደይ ነች። ወረታ ውስጥ ነርስ ናት፤ መልኳን ከእናቷ፣ ግትርነቷን ከአባቷ ወስዳለች። በሩን ዘግታ ሰባቱን ስፌት ጨረሰች። ክሩን ከቆረጠች በኋላ፣

“ድንጋዩ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ቢያገኝዎት ኖሮ አሁን የሚሰፋው ራስዎ አልነበረም፤ ከፈንዎ ነበር” አለቻቸው።

“ማርያም ጠበቀችኝ።”

“ጠበቀችዎት። እስቲ እርስዎም ያግዟት።” ይህን ብላ የብስክሌቱን ሰንሰለት ቁልፍ ከኪሳቸው አወጣችና ነጭ ጋወኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው። “ሄልሜት ይግዙ። አድርገውት ራስዎን ሲነቀንቁ የማይነቃነቅ መሆኑን በዓይኔ ካላየሁ ቁልፉን አልሰጥም።”

“ረቡዕ እኮ ቅዳሴ አለብኝ፣ ልጄ! የአርባ ቀን ክርስትና አለ፤ የዚያች የደንገል ማርያሟ የሰርክ ልጅ።”

“የየሱፍ ሱቅ ማክሰኞም ክፍት ነው” አለችና ቀጣዩን በሽተኛ ልትጠራ ወጣች።

የሱፍ የብስክሌት ዕቃ ነጋዴ ነው። ጎማው፣ ፔዳሉ፣ ሰንሰለቱ ከጣሪያው ተንጠልጥሎ ሰው ጎንበስ ብሎ ነው ሱቁ የሚገባው። ቄስ እንግዳው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሲደርሱ ውስጥ ሦስት ገበሬዎች ጎማ እያስመረጡ ነበር። ሦስቱም ተነሥተው መስቀል ተሳለሙ። የሱፍም እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ “ቄሴ፣ እግዜር ይማርዎ። ሰማሁ” አላቸው።

“ተርፌያለሁ። ሄልሜት አምጣልኝ፤ ጥቁር ይሁን። እንደ ኳስ የሚያብለጨልጭ አልፈልግም።”

የሱፍ ቆመ። ይህ ሰው ሃያ ዓመት ብስክሌትና የብስክሌት ዕቃ ሲሸጥ ኖሯል፤ ሄልሜት በባዶ ራስ እንደሚለካ ጠንቅቆ ያውቃል። ነገር ግን ቄስን፣ ያውም ቄስ እንግዳውን፣ በሦስት ሰው ፊት “ጥምጥምዎን ያውልቁ” የሚል ምላስ ከየት ያምጣ? አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ቄሱም በበኩላቸው የሱፍ የሆነ ነገር ለማለት እንደፈለገ አይተዋል፤ ምን እንደሆነም ገምተዋል። ዝም አሉ። የዚህ አገር ሰው ከውድቀት ቢተርፍ ከይሉኝታ አይተርፍም።

እናም የሱፍ መሰላል ላይ ወጥቶ ከሱቁ ሁሉ ትልቁን ጥቁር ሄልሜት አወረደ። ከጥምጥሙ በላይ ደፉት። ከአፍ እስከ ገደፉ በሞላ ድስት ላይ እንደተቀመጠ ክዳን ጉብ አለ። ማሰሪያው አገጫቸው ጋ ለመድረስ ጭንቅ ሆነበት፤ ጺማቸውን ወደ ላይ ገፍቶ እንደምንም ተቆለፈ። ከገበሬዎቹ አንዱ ወደ ጎማው ዞሮ ኡህ ኡህ አለ፤ ሳሉ ግን ሳቅ ሳቅ ይል ነበር።

“አማረብኝ?” አሉ ቄስ እንግዳው።

“ምን ይወጣለታል፣ ቄሴ” አለ የሱፍ፤ ዓይኑ ግን መሬት መሬት ያይ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ሄልሜቱን በጥምጥማቸው ላይ እንደ ደፉ፣ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ፀደይ ዘንድ ሄዱ። በሽተኛ በዝቶባት አንድ ሰዓት ተኩል ውጭ አስጠበቀቻቸው። ከዚያ ወደ ውስጥ አስገብታ አየቻቸው፤ ከንፈሯን ነከሰች።

“እስቲ ራስዎን ይነቅንቁ።”

ነቀነቁ። ግን እንዴት? እንደ ጳጳስ፣ በዝግታ፣ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ፣ ወደ ግራ አንድ ጊዜ። ሄልሜቱ ከነግርማው ቆመ። ፀደይ ተጠግታ በመዳፏ ከኋላ ገፋ ስታደርገው ግን ሄልሜቱም ጥምጥሙም ተያይዘው ግንባራቸው ላይ ተንሸራተቱና ዓይናቸውን ጋረዱት። በጨለማው ውስጥ ሆነው የልጃቸውን ድምፅ ሰሙ።

“አባባ፣ ይህ የሚያድነው ሻሹን ነው፤ ራስዎን አይደለም። ሄልሜት በባዶ ራስ ነው።”

“በባዶ ራስ?” ሁለቱንም ወደ ላይ መለሷቸው፤ ፊታቸው ቀልቷል። “እኔ በወረታ አደባባይ ባዶ ራሴን ልታይ? ሠላሳ አንድ ዓመት ያልሆነውን? ቁልፍሽን ያዢው። እግር ሰጥቶኛል!”

ሄልሜቱን የምትሠራበት ጠረጴዛ ላይ ጣሉትና ወጡ። ፀሐዩ ከፍ ብሏል፣ ሰዓቱ አራት አልፏል፤ ቅዳሴው ስድስት ሰዓት ነው የሚገባው። በባዶ ሆድ፣ በተሰፋ ራስ፣ የሩዝ ማሳውን መንገድ ተያያዙት። ይሮጣሉ፣ ይቆማሉ፣ ስፌቱ እንደ ልብ ይመታል፤ አሁንም ይሮጣሉ። መንገድ ላይ ያገኟቸው አጫጆች ሰላም ሲሏቸው ከመለሱት የዘለሉት ይበልጣል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ደንገል ማርያም ሲደርሱ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ግቢው ጭር ብሏል። ቄስ ወልደ ሥላሴ ብቻ በትራቸውን ተደግፈው ደጀ ሰላሙ ሥር ተቀምጠዋል።

“መጡ? ተመስገን!” አሉ ሽማግሌው ለመነሣት እየሞከሩ። “ወድቀው ተፈነከቱ የሚል ወሬ ደረሰን። እስከ ሰባት ሰዓት ጠበቅን፤ ከዚያ ሰው ተስፋ ቆርጦ ተበተነ።”

“ታጎለ?”

“ምን ይደረግ፤ ታመው አይደል።”

“ሰርክስ? ልጁስ?”

“ልጇን አዝላ እያለቀሰች ሄደች” አሉ ቄስ ወልደ ሥላሴ።

ቢወቅሷቸው ይሻል ነበር። ቄስ እንግዳው በመጡበት መንገድ ሲመለሱ ቅስማቸው ተሰብሮ ነበር። ታመው አይደለም። ይህን ማንም ባያውቅ እሳቸው ያውቃሉ። ብስክሌት ነበራቸው፣ ሄልሜት የሞላው ሱቅ ነበራቸው፣ ጤነኛ እግር ነበራቸው። ቅዳሴ የታጎለው በአንድ ሻሽ ነው። ሁለት ኩራት በአንድ ብስክሌት ላይ እንደማይፈናጠጥ ያን ቀን ገባቸው፤ አንዱ መውረድ አለበት። የትኛው እንደሚወርድ ለመወሰን ግን ወረታ እስኪደርሱ ድረስ ሦስት ሰዓት ሙሉ ፈጀባቸው። እልኸኛ ሰው እንዲህ ነው፤ ልቡ ቶሎ ቢያውቅም አንገቱ ዘግይቶ ነው የሚዞረው።

ሐሙስ ጥዋት ጥቁሩን ሄልሜት ከፀደይ ጠረጴዛ ላይ አንሥተው፣ በእጃቸው አንጠልጥለው የሱፍ ሱቅ ገቡ። “የሱፍ፣ ገዢ እስኪመጣ አትጠብቅ። በሩን ዝጋው።”

የሱፍ በገበያ ሰዓት የቆርቆሮ በሩን አወረደ፤ መብራቱን አበራ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆመ። ቄስ እንግዳው ሻሹን ከጫፉ ፈቱት። ዙር በዙር፣ በዝግታ፣ እያጣጠፉ ክንዳቸው ላይ አስቀመጡት። የመጨረሻው ዙር ሲወርድ ሱቁ ውስጥ ያለው አየር መላጣቸውን ነካው፤ እንደ ልጅ አፈሩ።

“ዙር፣ የሱፍ። ጀርባ ሰጥቶ የሚለካ ሰው አይቼ አላውቅም።”

የሱፍ ዞረ። “ያን ዕለት ልነግርዎት ነበር፣ ቄሴ። ወላሂ አፍሬ ነው።”

“እኔም ልትነግረኝ እንደሆነ አውቄ ነበር። አፍሬ ነው ዝም ያልኩ።” ተያዩና ሁለቱም ሳቁ፤ ከሳቁ በኋላ ሥራው ቀለለ።

የሱፍ የልብስ ሰፊ ሜትር አምጥቶ ከቅንድባቸው ከፍ አድርጎ በራሳቸው ዙሪያ ለካ። ራሳቸው ሲታይ ትንሽ ነች። በዚያ ሁሉ ሻሽ ውስጥ ስትኖር ትልቅ መስላ ነው እንጂ፣ ጥቁሩ ሄልሜት ሁለት እሷን ይይዛል። የሱፍ በልኩ ሁለት አወረደ። መጀመሪያ ነጩን ሞከሩት። ወደውት ነበር፤ ከሻሻቸው ጋር አንድ ቀለም ነው።

“የት ጋ ይነካዎታል?”

“የትም አልነካኝም” አሉ።

“ቄሴ።”

“እሽ፤ ስፌቱ ጋ ይጫነኛል።”

“እንግዲያው ይኸ የእርስዎ አይደለም። የማይመች ነገር ነገ መንገድ ላይ ያወልቁታል፤ የወለቀ ሄልሜት ደግሞ ምን ያደርጋል?”

የቀረው አንድ ነበር። ቢጫ ነው። ደብዛዛ ቢጫ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ የመስቀል አበባ እንኳ የሚቀናበት፣ ከጎረቤት ከተማ ከሐሙሲት ሆኖ የሚታይ ቢጫ። ቄስ እንግዳው አዩት፣ የሱፍን አዩት፣ ጣሪያውን አዩ። ከዚያ ደፉት። ልክ እንደ ተሠራላቸው ገባ፤ ስፌቱ ያለበትን ቦታ ሳይነካ ዙሪያውን እኩል ያዘ። የሱፍ ወደ ኋላ ያጋደሉትን ወደ ፊት መለሰው፤ “ከቅንድብ ሁለት ጣት፤ ግንባር ካልተሸፈነ ዋጋ የለውም” አለ። ከኋላ ያለችውን ማጥበቂያ አዞረ። ማሰሪያዎቹን ከጆሯቸው ሥር አገናኛቸው። አገጫቸው ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ፤ ጺም አለ።

“በል ያዘው” አሉ ቄስ እንግዳው ጺማቸውን በእጃቸው ወደ ጎን እየሰበሰቡ። “እሾህ የለውም።”

ማሰሪያውን ከጺሙ ሥር ቆለፈና ሁለት ጣቱን አስገብቶ ፈተነው። “አሁን እንደሚያዛጋ ሰው አፍዎን ይክፈቱ።” ከፈቱ፤ ሄልሜቱ አናታቸውን ወደ ታች ሳብ አደረገው። “እሰይ። አሁን ይነቅንቁ። እንደ ጳጳስ አይደለም፤ እንደ ኮርማ ነው።”

ነቀነቁ። ግራ፣ ቀኝ፣ ላይ፣ ታች። ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወደቀ። ሄልሜቱ ንቅንቅ አላለም። የሱፍ እጆቹን አጣምሮ፣ ቤት ሠርቶ እንዳስረከበ ግንበኛ አያቸው፤ ደስታው ከፊቱ ላይ ፈሰሰ።

ማታ ፀደይ ራሷ በሁለት እጇ ይዛ ወዘወዘችው፤ ራሳቸው ከነአንገታቸው ተወዘወዘ እንጂ ሄልሜቱ ብቻውን አልሄደም። ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችና ጉልበታቸውን ሳመች። “ኮራሁብዎት” አለቻቸው። ይህን ቃል ከልጃቸው አፍ ሰምተው አያውቁም ነበርና ለመቆጣት ፈልገው አልሆነላቸውም።

አርብም የቅዳሴ ቀን ነውና ረፋድ ላይ ሻሹን አጥፈው በንጹሕ ከረጢት አንገታቸው ላይ አጠለቁና ወጡ። የባጃጅ ተራው ጋ ሲደርሱ ሹፌሮቹ ሁሉ ወደ ቢጫው ሄልሜት ዞሩ። ነገሩን የጀመረው ሰዳም የሚባለው ቀልደኛ ነበር።

“ቄሴ! ውድድሩ ከማን ጋር ነው?”

“ካንተ ጋርማ አይደለም፤ አንተ እዚሁ ቆመህ ነው የምትውል!”

ተራው በሳቅ አውካካ፤ የተሳቀበት ግን ሰዳም ነው። ቄስ እንግዳው አስፋልቱን ለቀው ወደ ሜዳው ሲታጠፉ ደረታቸው ሰፍቶ ነበር። ነፋሱ በሄልሜቱ ቀዳዳ እየገባ ራሳቸውን ያቀዘቅዘዋል፤ እንዲህ ያለ ምቾት መኖሩንም አያውቁ ነበር። አጫጆች ማጭዳቸውን እንደያዙ ቀና እያሉ፣ “ማን ነው ይኸ?” ይላሉ። “ቄስ እንግዳው እኮ ናቸው!” ሲባባሉ ይሰማሉ። እጃቸውን ከመሪው ሳያነሡ፣ “እግዚአብሔር ይባርክ!” እያሉ አለፉ።

ያሰቡት ነገር ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ወዲህ አንዲት ሾላ አለች፤ ከጀርባዋ ተደብቀው ሄልሜቱን አውልቀው ሻሹን ሊጠመጥሙ ነው። ሾላዋ ሥር ሲደርሱ ግን ሕዝቡ በሙሉ መጥቶ እዚያ ቆሟል። ቄሱ ይመጡ ይሆን ብለው መንገድ መንገድ ሲያዩ ነው ያረፈዱት። ቄስ ወልደ ሥላሴ፣ ሦስቱ ዲያቆናት፣ እናቶች፣ ከፊት ደግሞ ልጇን የታቀፈችው ሰርክ።

ከብስክሌቱ ወረዱ። መደበቂያ የለም። ማሰሪያውን ከጺማቸው ሥር ፈቱና ሄልሜቱን አነሡት። መላጣቸው፣ ሰባቱ ስፌት፣ ላባቸው፣ ሁሉም በቀን ብርሃን ታየ። ሠላሳ አንድ ዓመት የተጠበቀው ነገር አንድ ትንፋሽ በማይሞላ ጊዜ አለቀ።

“ሰርክ” አሉ። “ረቡዕ ቅዳሴ የታጎለው በሕመም አይደለም። በሳይክል ልመጣ እችል ነበር። ይህን ራሴን ሰው እንዳያይብኝ ብዬ በእግሬ መጣሁና ዘገየሁ። የልጅሽን አርባ ያሳለፍኩብሽ እኔ ነኝ። ይኸው፣ እዩት እንግዲህ።”

ሰርክ ዓይኗን ከስፌቱ ላይ አልነቀለችም። ከዚያ እንባዋ ቀደማት።

“አባ፣ እኔ ረቡዕ ያለቀስኩ ለክርስትናው መሰለዎት? ራሳቸው ተፈንክቷል፣ አይተርፉም ብለውን እኮ ነው! ልጄስ ዛሬም ቢሆን፣ እሑድም ቢሆን ይጠመቃል። እርስዎን ከየት እናመጣ ነበር?” ቀሚሷን ዓይኗ ላይ ጠረገችበት። “እንኳን ባዶ ራስዎን አየሁ። ደኅና ነው። ይኸው አለ።”

ከኋላ እናቶቹ፣ “አለ! አለ!” አሉ፤ አንዷ እልል አለች፤ ሌሎቹ ተከተሏት። ቄስ እንግዳው በሕይወታቸው በዚህች ራሳቸው እንደዚያች ሰዓት ኮርተው አያውቁም። ሻሹን ከከረጢቱ አውጥተው እዚያው ሰው ፊት መጠምጠም ጀመሩ፤ ሄልሜቱን የሚያስቀምጡበት ሲያጡ ሰርክ እጇን ዘረጋችላቸው። ልጁ ተጠምቆ፣ ቅዳሴው ገብቶ፣ ሥጋ ወደሙን እስኪቀበል ድረስ በአንድ ክንዷ ልጇን፣ በሌላው ቢጫውን ሄልሜት አቅፋ ቆመች።